የተመለሰ በረዶ የት ይወርዳል

ባለፈው ሳምንት ሐይቅ ከተማ ላይ በረዶ ወረደ። ሲወርድ ሰሚራ ስልክ ላይ ነበረች። ሰሚራ የታላቅ እህቴ የዘምዘም የልጅ ልጅ ናት፤ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። አያቷ ወደ አኼራ ከሄደች ወዲህ እሷም ወንድሟ ጀማልም የሚጠሩኝ እማ ብለው ነው። ስለ ምን እንደምናወራ በትክክል አላስታውስም፤ ላኪልኝ ስላለችው በርበሬ ይመስለኛል። የመጀመሪያዎቹ ጠጠሮች ቆርቆሮውን ሲመቱት ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ ወዲያው የቀረው በአንድ ጊዜ ተዘረገፈ፤ በዚያ መሐል የሰሚራን ጩኸት ሰማሁና ስልኩ ተዘጋ። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አታነሣም። በረዶው አባርቶ ከጣራው ጠርዝ ውሃ ብቻ መንጠባጠብ ሲጀምር ራሷ መልሳ ደወለች።

«እማ፣ ደኅና ናችሁ? ምንድነው የመታችሁ?»

«ምን ይመታናል? በረዶ ነው ልጄ።»

«የምን በረዶ?»

«የአላህ በረዶ። ቆርቆሮው ላይ ነው የሰማሽው።»

መሣቅ ጀመረች፤ ሣቋ መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆነ። «ወላሂ አልጋ ሥር ገብቸ ነው የምደውልልሽ» አለች። «እዚህ የወረደ መስሎኝ።»

እሷ ያለችበት ከተማ ሰማይ ከተረበሸ ሰነባብቷል። ማን በማን ላይ እንደሚተኩስ፣ ማን እንደ ጀመረ፣ ለዜና ሰዎች ልተወው። ሰሚራ የምታውቀው ይህን ነው፤ ማስጠንቀቂያው ሲጮኽ ማዳሟና ልጆቿ ወደ ምድር ቤት ይወርዳሉ፣ እሷም ሕፃኑን አቅፋ ትከተላለች፣ ከላይ ይንጎደጎዳል፣ ከዚያ «ከሽፏል» ይባልና ሁሉም ወደየክፍሉ ይመለሳል። የእሷ ክፍል ጣራው ላይ ነው፤ ከውሃ ታንከሩ ጎን። ኮንትራቷ እያለቀ ነው። ማዳሟ ፈርሚና ቆይ፣ እዚህ ሰማዩ የተጠበቀ ነው፣ ከእናንተ አገር ይሻላል ትላታለች። የማትፈርም ከሆነ ደግሞ አየር ማረፊያው ሳይዘጋ ትኬት መቆረጥ አለበት።

«እስከ ጁምዓ ወስኝ ብላኛለች» አለችኝ። «ጀማል ቆይ ይለኛል። አንች መጽሐፍ ታነቢያለሽ፤ ዕድሜሽን ሙሉ ያየሁሽ ስታነቢ ነው። ያ የሚያከሽፈው ነገር እውነት ይሠራል እማ? ይሠራል ካልሽኝ እቆያለሁ። አይሠራም ካልሽኝ ትኬቱን እጠይቃታለሁ።»

ላስብበት አልኳት። ስልኩን አስቀምጨ ወደ ግቢ ወጣሁ። በረዶው የጎረቤቴን የጎመን መደብ ከትፎት ነበር፤ የተቀጠቀጠ ቅጠል ሽታ ግቢውን ሞልቶታል። ይህን ሽታ ሰው ጥሩ ሽታ ነው ይላል። እኔ ግን ሲሸተኝ የሚታየኝ የተጋደመ የማሽላ እሸት ነው፣ ከዚያም አባቴ።

የተወለድኩበት መንደር ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ በሐይቅና በአርዲቦ ሐይቆች መሐል ባለው ተረተር ላይ ነው፣ ፊቱን ወደ አርዲቦ ሰጥቶ። አሁን እስከ አፋፉ መኪና ይገባል። ያኔ ወደ ሐይቅ ገበያ የምንወርደው በእግር ነበር፤ ጫማ ያላት ጫማዋን በእጇ ይዛ ትወርድና ከተማው ሲደርስ ትጫማለች። ኮንጎ ጫማ ዋጋው ሦስት ብር ስለነበር በሦስት ብር ጫማ ድንጋይ አይረገጥበትም። የሴቶቹ መመኪያ የናይለን ሻሽ ነበር፤ ቀዩ ከአረንጓዴው በስሙኒ ይበልጣል፣ ለምን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። እኔ የምሸጠው ቆሎ ነበር። መስከረም ላይ የግሸን ተጓዦችን የጫኑ አውቶቡሶች ከተማው ላይ ሲቆሙ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ሱቆቹ ማዕዘን ተሰልፈን በመስኮት እናቀብላለን። ክርስቲያኗም እስላሟም ለግሸን ማርያም መንገደኛ ቆሎ ትሸጣለች፤ «ማርያም ታድርስሽ» ሲሉኝ እኔም «አሚን» እላለሁ። በማዕዘኑ ባለው ሻይ ቤት ባትሪ የበላ ራዲዮ ነበር፤ አምባሰልን የሚያንጎራጉር ሲመጣ ባለቤቱ ጆሮው ሥር ይወስደዋል፤ ለደንበኛው አይተርፍም።

ቆሎውን የምጠቀልለው በጋዜጣ ነበር። ለረጅም ጊዜ ጋዜጣ ለእኔ መጠቅለያ ብቻ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ፣ ካደግሁ ከተዳርኩና ከተፈታሁ በኋላ፣ የመሠረተ ትምህርት ጊዜ ሁሉም ወደ ሰፈር ጣቢያ ሲጠራ ነው። አስተማሪያችን ልጄ ሊሆን የሚችል ልጅ እግር ነበር። ካነበብኩ በኋላ ግን አልተመለስኩም፤ ማታ እየተማርኩ እስከ መጨረሻው ወጣሁ፣ ከዚያም ጡረታ እስክወጣ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ጠባቂ ሆንኩ። ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ነጥብ ሳልደነቃቀፍ ያነበብኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ ምን እንደነበር አስታውሳለሁ። ከቆሎ መጠቅለያዎቼ መሐል የወጣ ቁራጭ ነው። ኃያላኑ መንግሥታት ሚሳኤል እንዳይመታቸው ጠፈር ላይ ጋሻ ሊያቆሙ ነው ይላል፤ ከሰማይ በላይ ሆኖ የሚመጣውን አይቶ ገና በመንገድ የሚያጠፋ። ሊቃውንቱ ይሆናል አይሆንም እየተባባሉ እንደሚከራከሩም ጽፏል። ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ብቻዬን ሣቅሁ። አጠገቤ ቆሎ የምትሸጠው ሴት ምን አገኘሽ ስትለኝ «አባቴን ሊቀጥሩት ነው» አልኳት።

አባቴ ይመር በረዶ መላሽ ነበር። ዛሬ ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ማሽላው ሲያሸት፣ ጤፉ ሲያዘረዝር አንድ ደመና የዓመት ልፋት ምሳ ተበልቶ እስኪነሣ ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ መንደሩ አንድ ሰው ይይዛል። ያ ሰው ከሐምሌ ጀምሮ ጠጉሩን አይታጠብም፣ ወተት አይቀምስም፣ ወራጅ ውሃ አይሻገርም። ደመናው ጠቁሮ ሲመጣ ቀንዱን ይዞ ወደ አፋፉ ይወጣል፣ ይነፋል፣ ዱዓ ያደርጋል፣ በወንጭፍም ወደ ደመናው ድንጋይ ይሰዳል። የሚለውን ነገር እኛ ልጆቹ በቃላችን እናውቀው ነበር፤ «ሂድ፣ ሰው ወደሌለበት፤ ሂድ፣ ከብት ወደማይውልበት፤ ሂድ፣ አውራ ዶሮ ወደማይጮህበት።» አዝመራው ከገባ በኋላ እያንዳንዱ ቤት አንድ ቁና እህል ይሰፍርለታል። ክርስቲያኖቹም ይሰፍራሉ፤ በረዶ ሃይማኖት አይመርጥም። እኛ ቤት ክረምት ገብቶ እስኪወጣ ጎተራው ባዶ አይሆንም ነበር። ሳላጋንን፣ በረዶ ነው ያሳደገን።

አሁን ሳስበው ሥራው መውደቂያ አልነበረውም። በረዶ ያልወረደበት ዓመት ሁሉ የአባቴ ሥራ ነው። የወረደበት ዓመት ደግሞ የአባቴ ጥፋት አይደለም፤ የመንደሩ ሰው የሚጠብቀው ደንብ ነበርና። ረቡዕ ቀን ጥጥ አይፈተልም። በረዶ ከወረደ አንዷ ፈትላለች ማለት ነው፤ ያልፈተለች መሆኗን ማሳየት የምትችል ሴት የለችም። ወንዶቹ ረቡዕ ቀን የሚከለከሉት ነገር ስለመኖሩ አላስታውስም። አንዳንድ ቀን ደመናው ራሱ ወደ ሌላ አገር እየሄደ ሳለ አባቴ ከኋላው ይነፋበታል። ያን ቀን ድምፁ ከሌላው ቀን ይበልጥ ያምራል።

ዘምዘም ከአርዲቦ ማዶ ተዳረች። ከእኛ አፋፍ ላይ ሆኖ የባሏን የእንድሪስን ጎጆ ማየት ይቻላል፤ ጠዋት ጭሱን አይተን «ተነሥታለች» እንላለን። የማዶ ሰዎች መላሽ አልነበራቸውም። አንድ ዓመት በረዶ መታቸው፤ በዚያው ዓመት እኛን አልመታንም። ከዚያ ወሬ ተጀመረ። ይመር የሚመልሰው እኛ ላይ ነው አሉ። አባቴ ወደ ባዶ ቦታ ነው የምሰደው ብሎ ማለላቸው፤ እነሱም «ባዶው ቦታ የቱ ነው? አሳየን» አሉት። ባዶ ቦታ በእኛ አገር ኖሮም አያውቅም። በሚቀጥለው ክረምት እነሱም ከሩቅ ቆላ አንድ መላሽ አስመጡ፤ ቀንዱ የአጋዘን ነው፣ ሁለት ቁና ይሰፈርለታል ተባለ። ይህን ሲሰሙ የእኛ ሰዎች ተሰብስበው መጡና አባቴን «ያንተ ቀንድ የፍየል ነው፤ ይበቃል ወይ?» አሉት። እሱም የአጋዘን ቀንድ አስገዛቸው። ማዶኞቹ ይህን ሲሰሙ ለመላሻቸው ረዳት ቀጠሩለት። እንዲህ እያልን ሁለት መንደር ከበረዶ ይልቅ እርስ በርሳችን መፈራራት ጀመርን። ማዶ ቀንድ ከተነፋ ጥርት ባለ ሰማይም ቢሆን እናቶች ወደ ውጭ ይወጣሉ።

የዚያን ቀን ደመናው አርዲቦ ውሃ ላይ ቆመ። ሐይቁ እንደ ምጣድ ጠቆረ። አባቴ ከዚህ ይነፋል፣ ያኛው ከዚያ ይነፋል፤ የሁለቱ ድምፅ ውሃው ላይ ይጋጫል። እኛ አፋፉ ላይ ተደርድረን ኳስ እንደሚያይ ሰው እናያለን። ደመናው ትንሽ ወደ እኛ መጣ፣ ሴቶቹ ጮኹ፤ መልሶ ሄደ። ከዚያ ማዶ ነጭ መጋረጃ ወረደ። ድምፁ ዘግይቶ ነው የደረሰን። የእንድሪስ ጎጆ አይታይም፣ ማሽላው አይታይም። የእኛ መንደር እልል አለ። ረጅም እልልታ ነበር። አባቴን ትከሻው ላይ የተሸከመው ጎረምሳ ኋላ ትልቅ ሽማግሌ ሆኖ ነው የሞተው፤ ያንን ቀን ሲያወራ ዓይኑ ይበራ ነበር።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ዘምዘም መጣች። ባሏ፣ ሁለት የማዶ ሽማግሎችም አብረዋት ነበሩ፤ ወንዶቹ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ሆዷ ገፍቶ ነበር፤ የእነ ሰሚራ እናት ናት በሆዷ ያለችው። በኮባ ቅጠል የታሸገ ቅል አቅፋ ነበር የመጣችው። ከግድግዳው ሥር ተከምሮ ካደረው በረዶ ዝቃ፣ አባቴ በዓይኑ ይይ ብላ ተሸክማው ነው የመጣችው። የእኛ ሰዎች መስጊዱ አጥር ጥግ ተሰበሰቡ። ቅሉን ከፈተችው። ውሃ ነበር፤ ከላይ ጥቂት ነገር ይንሳፈፋል፣ እሱም እያየነው ጠፋ።

«ዘምዘም ከአርዲቦ ውሃ ቀድታልን መጣች» አለ አንዱ። «እኛ ደግሞ ውሃ የለን መሰላት።» ሰው ሣቀ።

ትልቁ የማዶ ሽማግሌ አልሣቁም። «ይመር» አሉት። «ነገሩን አናንዛዛው። እኛ የመጣነው በአንድ ቃል ልንመለስ ነው። የትናንቱን አልመለስኩም፣ የአላህ ሥራ ነው ካልክ፣ እንድሪስ ሚስቱን ይዞ ይገባል። ወደ እናንተ መልሸዋለሁ ካልክ ግን፣ የቤታችንን አዝመራ ያጠፋ ሰው ልጅ በቤታችን አትኖርም። በአላህ ፊት ተናገር።»

አባቴ ወደ ዘምዘም አላየም። ያየው የእኛን መንደር ሰዎች ነው፤ እነሱም እሱን ያያሉ። አልመለስኩም ቢል ለዓመታት የተሰፈረለት ቁና ሁሉ ለምን ተሰፈረ? ትናንት ትከሻ ላይ የወጣው ለምን ነበር?

«መልሻለሁ» አለ።

«ወዴት?»

«አውራ ዶሮ ወደማይጮህበት።»

«እኔ ቤት አውራ ዶሮ አለኝ፣ አባ» አለች ዘምዘም። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ዛሬም ሲነጋ ጮኋል።»

ቅሉን አዘንብላ ውሃውን እግሩ አጠገብ ደፋችው። ደረቅ መሬት ነበር፣ ወዲያው ጠጣው፤ ሽማግሎቹ ተነሥተው ልብሳቸውን እስኪያራግፉ ድረስ የደፋችበት ቦታ እንኳ አይለይም። ባሏ ተከትሏቸው ሄደ። እሷ ወደ እኛ ቤትም አልገባችም፤ ቁልቁል ወደ ሐይቅ ከተማ ወረደች፣ ከዚያም ደሴ ገብታ ሰው ቤት ተቀጠረች። ሰው ቤት መሥራት በእኛ ዘር የተጀመረው በሰሚራ አይደለም።

በዚያ ምሽት እናቴ እራት ስታቀርብለት «እውነት መለስከው?» አለችው። አባቴ እጁን ታጥቦ ጎረሰና ቆይቶ «እኔ ምን አውቄ» አላት። «ነፋሁ። ሄደ።»

ይህችን ቃል ከመጻሕፍት ሁሉ ይልቅ አስታውሳታለሁ። ልጁን የሸጠበትን ነገር እውነት ይሁን ውሸት እሱም አያውቅም ነበር። ሠርቶ ከሆነ ልጁን መታ፤ ካልሠራ በሐሰት አባረራት። ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ሦስተኛ የለውም። በዚያ ዓመት የተሰፈረለት እህል ግን ከሁሉም ዓመት በለጠ፤ ከሌላ መንደርም ሊቀጥሩት መጡ። በሁለተኛው ዓመት በረዶው የእኛን አዝመራ አጋደመው። ሰዎቹ ተመካክረው ከኀዘኗ የተነሣ ረቡዕ ቀን የፈተለችው የይመር ሚስት ናት ብለው የእናቴን እንዝርት ሰበሩባት። አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ያይ ነበር። ዘምዘም እስከ ዕለተ ሞቱ አላናገረችውም። በቀብሩ ቀን ግን መጣች፤ ራቅ ብላ ቆማ፣ ቀብሩ ሲያልቅ ሄደች።

ሰሚራ ላስብበት ባልኳት በማግሥቱ ጀማል ባጃጁን አቁሞ ገባ። ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው፤ ጥቁር ሰማይ፣ ከአንድ ወገን የሚመጣ መብራት፣ ከሌላ ወገን የሚወጣ መብራት፣ ከሥሩ ዘፈን ተለጥፎበታል።

«ተመልከች እማ። ይሄ መጣ፣ ይሄ ወጣ፣ ተገናኙ። አለቀ።»

«የቱ ነው ያለቀው?»

«ሚሳኤሉ ነዋ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ምን ከዚያ አለ? ቪዲዮው አለቀ።»

ስለ አባቴ ያውቃል፤ አያቱ ነግራዋለች። ላነሣበት ስል ቀደመኝ። «አሁን ደግሞ ያን የፍየል ቀንድ አምጪልኝ። አቦ እማ፣ እነዚህ ሰዎች ራዳር አላቸው።»

«የአጋዘን ነው።»

«ይሁን የአጋዘን። ራዳሩ ያያል፣ ኮምፒውተሩ ያሰላል፣ ከላይ ሳተላይት አለ። በግምት አይደለም። ደግሞ ሰሚራ መጥታ ምን ትሠራለች? እኔ ባጃጁ ኋላ አልጭናት።»

ልጁ ክፉ አይደለም። እህቱን ይወዳል፤ ያስፈራው ባዶ እጇን መመለሷ ነው። ስለዚህ በቁም ነገር መለስኩለት። ጭራሽ አይሠራም አልልም። ስላላየሁት ነገር አይሆንም ብዬ መማል የአባቴ ልጅ መሆን ነው። ጥይትን በጥይት መምታት የማይታመን ነገር ነው፤ ግን እየመቱ ነው፣ ምናልባትም ብዙውን። ያነበብኩትን ነገርኩት። የሚልከው ሰው በርካሽ ይልካል፣ የሚመልሰው በውድ ይመልሳል፤ በወንጭፍ ቢሆን የሁለቱም ወጪ አንድ ድንጋይ ነው፣ ይህ ግን እንዲያ አይደለም። የሚልከው ከእውነተኛው ጋር ማሳሳቻ ቀላቅሎ ሊልክ ይችላል፤ ሰማይ ላይ ሁለቱን መለየት ከባድ ነው። የሚልከው አንዴ ቢሳካለት ይበቃዋል፣ የሚመልሰው አንዴም መሳት የለበትም። ሠራ ተብሎ የሚታየው ሙከራ ብዙ ጊዜ ቀኑም አቅጣጫውም ታውቆ የተደረገ ነው፤ ከሚሄድ ደመና ኋላ እንደ መንፋት። ደግሞም አንዱ ጋሻ ባበጀ ቁጥር ሌላው ብዙ ይሠራል፤ ያኛው ረዳት ሲቀጥር ይኼኛው ቀንድ ይገዛል። አሁን ጋሻውንም መሣሪያውንም ወደ ጠፈር ሊያወጡት ነው። ቆሎ የጠቀለልኩበት ጋዜጣ ያወራው ወሬ ከብዙ ዓመት በኋላ ሳይሻሻል ተመልሶ መጥቷል። እዚያ ላይ የተሰበረ ነገር መውረጃ እንኳ የለውም፤ ይዞራል፣ ሌላውን ይመታል፣ የተመታውም ይሰበርና ይዞራል። የአንተ ዲሽ የሚያየው ሳተላይትም እዚያው ነው፤ አውቶቡሱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ መስተዋት መስበር ነው አልኩት።

«እሺ ይዙር» አለ ጀማል። «ሰው የለበትም እኮ። ባዶ ነው።»

«ሰሚራ ያለችበት ከተማስ? የተመታው የት ይወርዳል?»

«ባዶ ቦታ። ዜናው ራሱ ብሏል።»

«ባዶው ቦታ የቱ ነው? አሳየኝ።»

ስልኩን ኪሱ ከተተ። «አንች ሰው አስፈራርተሽ ልታስመጫት ነው» ብሎ ወጣ። ባጃጁን ሲያስነሣ ተበሳጭቶ እንደነበር ከድምፁ አወቅሁ። ለሰሚራ ምን እንደምላት ግን ገና አላውቅም ነበር። ይሠራል ብዬ ብትጎዳስ? አይሠራም ብዬ፣ ቢሠራስ፣ እሷም ያን ሁሉ ዓመት የለፋችበትን ትታ መጥታ ሥራ ፈት ብትሆንስ? በዚህ ዕድሜዬ መስጊዱ አጥር ጥግ አባቴ የተቀመጠበት ቦታ ላይ አንድ ቃል ተናገሪ ተብዬ የተቀመጥኩ መሰለኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጀማል ሮጦ መጣ። ባጃጁን መንገድ ላይ ጥሎታል። ቴሌቪዥኑን ራሱ ከፈተው። የዚያ አገር ቃል አቀባይ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ያነባል፣ የእኛው ሰው ይተረጉማል፤ የተተኮሰው ሁሉ አየር ላይ ከሽፏል፣ ስብርባሪው ባዶ ቦታ ወድቋል፣ በነዋሪዎች ላይ የደረሰ ጉዳት የለም።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ጀማል፤ ላቡን በክንዱ ጠረገ። «አየሽ? መለሱት።»

ሰሚራ የደወለችው መግሪብ ሲቃረብ ነው። ጀማል ድምፁን ለሁለታችን ከፈተው።

«ደኅና ነኝ። አብሽሩ።»

«ሰምተናል» አላት ወንድሟ። «ባዶ ቦታ ነው የወደቀው ብለዋል።»

«አዎ። ጣራው ላይ ነው።»

«የማን ጣራ?»

«የኛ ነዋ። ቤቱ ምንም አልሆነም። እኔ ታች ሕፃኑን ይዠ ነበር። ጣራው ላይ ምንም የለም እኮ፤ ታንከሩ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ፣ የኔ ክፍል። የክፍሌን ቆርቆሮ ይዞት ገብቷል። አልጋየ ላይ ነው ያገኘሁት። ፍራሹን እያቃጠለ ነበር፤ በመጥረጊያ ዝቄ ባልዲ ውስጥ ጨመርኩት። ውሃው ጮኸ።»

ጀማል ስልኩን እንደያዘ መሬት መሬት ያያል።

«ውሃ ሆነ?» አልኳት።

«የቱ?»

«የዘቅሽው።»

«እማ ምን ነካሽ? ብረት ነው እኮ። ባልዲው ውስጥ አለ፣ እያየሁት ነው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ነገ ጁምዓ ነው። ማዳም ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አድርጋልኛለች። ይሠራል ወይስ አይሠራም? አልነገርሽኝም።»

«ይሠራል» አልኳት። «ለምድር ቤቱ ይሠራል። አንች ትኬቱን ጠይቂያት።»

ጀማል ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ «ነይ» አላት፤ «ባጃጁ ኋላ ሰፊ ነው።» ሰሚራ ሣቀች፣ እንደዚያ የበረዶ ቀን ሣቋ መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆነ።

«እሺ» አለች። «እሺ። ባልዲውን ግን ምን ላድርገው? ማዳም ስለወደቀው የሚጠይቁ ሰዎች ሳይመጡ ድፊው ብላኛለች።»

«መጥተው በዓይናቸው እስኪያዩት» አልኳት፣ «አትድፊው።»